የምንከፍለው ለቆመ መኪና ነው

ሽንኩርት ሲወደድ ነጋዴውን እንራገማለን፤ ሲረክስ ገበሬው ያለቅሳል። ባሕር ዳር የምንኖር ሰዎች ሁለቱንም በአንድ ሳምንት እናየዋለን። ከከተማችን ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ አንድ ሰዓት ያህል ሲነዳ ወረታ ነው። እዚያ የፎገራ ሽንኩርት በጆንያ ሆኖ አስፋልት ዳር ተደርድሮ ገዢ ይለማመጣል። ማታ ደግሞ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ትደውልና ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ "ኧረ ይኼን ሽንኩርት ምን ይሻለዋል!" ትለኛለች። ወረታ ላይ ተለማማጭ የነበረው ሽንኩርት ሃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ ሲደርስ ይኮራል። በሁለቱ መሐል ያለው ከ600 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ነው፤ ሰው ከተወው አዳር ተጉዞ የሚደረስበት።

ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ "የኢኮኖሚው የደም ሥር ነው" ተብሎ ያልተከፈተ ዐውደ ጥናት ያለ አይመስለኝም። አባባሉን አልጠላውም። የአንድ አካባቢ ኢኮኖሚ ዞሮ ዞሮ ያመረተውን የት አደረሰ፣ የጎደለውን በስንት አስመጣ ነው። ፎገራ ሩዝና ሽንኩርት፣ ሜጫ በቆሎና ስንዴ፣ ምሥራቅ ጎጃም ጤፍ ያመርታል፤ ብረቱ፣ ዘይቱ፣ ነዳጁ፣ ማዳበሪያው ከሩቅ ይመጣል። ኑሯችን በጎማ ላይ ነው። ጎማው ሲዞር የሚወጣ ገንዘብ አያንገበግበኝም፤ እርሱማ የሥራ ዋጋ ነው። የሚያንገበግበኝ ጎማው ቆሞ የሚወጣው ነው። ሽንኩርቱ ላይ፣ ቆርቆሮው ላይ፣ የልጆቹ ደብተር ላይ ሳናውቀው የምንከፍለው የመቆሚያ ሒሳብ።

የግቢ ጎረቤቴ አይሱዙ ይነዳል። ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ ቡና ላይ ስንቀመጥ ግን ሒሳብ ይወዳል። መኪናው የሰው ነው፤ ባለቤቱ በባንክ ብድር ነው የገዛው። "መኪናው ቢሄድም ባይሄድም ባንኩ ይቆጥራል" ይላል። ኢንሹራንሱ ይቆጥራል፤ እርሱና ረዳቱ ባደሩበት ይበላሉ፤ አልጋ ይይዛሉ። በወር ስምንት ምልልስ ሊሠራ የሚችል መኪና አራት ብቻ ከሠራ፣ ያልሠራቸው የአራቱ ወጪ ሜዳ ላይ አይቀርም፤ በሠራቸው አራቱ ላይ ይጫናል። ያን ጊዜ የአንዱ ኩንታል የማጓጓዣ ዋጋ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ነዳጅም ጎማም ባይጨምር ማለት ነው። ታዲያ እኛ "ትራንስፖርት ተወደደ" እንላለን እንጂ መኪናው የት ቆሞ እንደከረመ ማን ጠየቀ?

የት እንደሚቆም ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሚቆመው ጭነት ፍለጋ ነው። ወረታ ላይ ገበሬው ሹፌር አያውቅም፣ ሹፌሩም ገበሬ አያውቅም፤ ሁለቱንም የሚያውቀው ስልኩ ከጆሮው የማይወርደው ደላላ ነው። አንድ ማለዳ እዚያ ቆሜ ሲደራደሩ ሰማሁ። ገበሬው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው በራሳቸው ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ሽንኩርቱ እዚያው አድሯል።

"አባባ፣ ዋጋው ወርዷል።"

"ትናንት ማታ ያልኸኝ ሌላ ነበር፣ ልጄ።"

"ትናንት መኪና ነበረ። ዛሬ ነዳጅ ጠፋ ብለው ከቆሙበት አልተነሡም። እንግዲህ ይሽጡ፤ አለዚያ ይዘውት ይመለሱ።"

የት ይመለሱ? ሽንኩርት በጆንያ ታፍኖ ፀሐይ ሲመታው ያልባል። ካላበ ደግሞ ከሥር የተቀመጠው ጆንያ መሽተት ይጀምራል፤ አንዱ የበሰበሰ ጎረቤቱን ያበሰብሳል። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ጆንያው አስገብተው ሽንኩርቱን ዳሰሱና ዝም አሉ። ደላላውም ጠበቀ፤ እርሱ የሚበሰብስበት ነገር የለም። በመጨረሻ ሸጡ። በስንት እንደሸጡ ሰምቻለሁ፤ መናገሩ ያሳፍረኛል። ማቀዝቀዣ ያለው መጋዘን ቢኖር፣ ወይም መኪናው ዛሬ እንደሚመጣ የሚታወቅበት መንገድ ቢኖር፣ ያ ልጅ "ይዘውት ይመለሱ" ለማለት አፉ አይደፍርም ነበር። ደላላውን ብቻ ብንወቅስ ደግሞ ግፍ ነው፤ እርሱ የሚበላው ሌሎቻችን ባዶ የተውነውን ቦታ ነው።

ሁለተኛው የነዳጅ ሰልፍ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ባልናገር ይሻላል፤ ያልተሰለፈ አንባቢ የለኝም። በ2014 ዓ.ም. አጋማሽ አንድ ሊትር ቤንዚን ከ32 ብር በታች ነበር። ድጎማው በየደረጃው ሲነሣ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ብሩ በገበያ ይመራ ሲባል፣ በ2017 ዓ.ም. 100 ብርን ተሻገረ። ዋጋው ጨመረ ብለን ጮኸን። አሁን ግን እርሱንም ናፈቅን፤ ቢወደድም በተገኘ! ማደያው "የለም" የሚል ካርቶን ሰቅሏል፤ ከማደያው አጥር ማዶ ግን ያው ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ ድንጋይ ላይ ቆሟል። ተራ ደርሶ ማደያው ቢቀዳልን ደግሞ ክፍያው በስልክ ነው፤ ኔትወርኩ ሄዷል። ከኋላ ያለው ጥሩምባውን ይነፋል። ቀጂው ስልኩን ወደ ሰማይ ከፍ አድርጎ ይዞራል፤ ኔትወርኩ ከላይ ይወርድ ይመስል።

ከዚያ ኬላው። የከተማ መግቢያ ላይ ገመድ ተወጥሯል። የገመዱ አንድ ጫፍ እንጨት ላይ ታስሯል፤ ሌላው ጫፍ ጥላ ሥር በተቀመጠ ጎረምሳ እጅ ነው። መኪናው ሲደርስ ጎረምሳው አይነሣም። ረዳቱ ነው ዘሎ ወርዶ የሚሮጠው። "ኮቴ" ይባላል። ጭኖ ላለፈ የሚከፈል ነው፤ ሳይጭን ላለፈም የተከፈለበት ቀን አለ። ጎረቤቴ ደረሰኞቹን ከፀሐይ መከላከያው ሥር እያጠራቀመ አንድ ቀን አሳየኝ። አንዱ የጸጥታ ድጋፍ ይላል። አንዱ የስፖርት መዋጮ። አንዱ ላይ የሚነበብ ማኅተም የለም፤ ሐምራዊ ክብ ብቻ። ኮቴ ሕገ ወጥ ነው፣ ይቁም ሲባል በዜና ሰምተናል፤ ደጋግመን ሰምተናል። ገመዱ ዜና አይሰማም መሰለኝ። ገንዘቡ ራሱ እኮ ያን ያህል አይደለም! ረዳቱ ወርዶ፣ ተከራክሮ፣ ዝርዝር አጥቶ፣ ዝርዝር ፍለጋ ሱቅ ገብቶ እስኪመለስ ያለው ጊዜ ነው። በአንድ ገመድ ግማሽ ሰዓት ቢሄድ፣ በየከተማው ያለውን እናንተው ደምሩት።

አንዳንድ ቀን ደግሞ መንገዱ ጨርሶ ይዘጋል። ማን ዘጋው፣ ለምን ዘጋው የሚለውን ለሌላ ሰው እተወዋለሁ። ታግተው ገንዘብ የተጠየቀባቸው ሹፌሮች አሉ፤ መኪናቸው የተቃጠለባቸው፣ በዚያው የቀሩም አሉ። በዚህ ላይ አላላግጥም። እኔ የምለው፣ ጎረቤቴ "ነገ እወጣለሁ" ሲል ሚስቱ "እግዜር ያውቃል" የምትለው ለወግ ያህል ከመሰላችሁ እዚህ አልኖራችሁም ማለት ነው። ያም አደጋ ራሱን የቻለ ዋጋ አለው። ሹፌሩ አልሄድም ሲል የመጫኛ ዋጋ ይጨመርለታል፤ ጭማሪው ሽንኩርቱ ላይ ያርፋል።

ዓባይ በረሃን እንኳ አላማረርሁም። ከጎሐ ጽዮን እስከ ታች ድልድዩ፣ ከድልድዩ እስከ ደጀን፣ የተጫነ መኪና በመጀመሪያ ማርሽ እየተንፏቀቀ፣ ፍሬኑ እየሸተተ ነው የሚያልፈው። መሬቱም እየተንሸራተተ አስፋልቱን ይሰነጥቀዋል። ይኼ ግን የፈጣሪ ሥራ ነው፤ ገደሉን ደረሰኝ አይጠይቁትም።

አሁን ከሽንኩርቱ ወጣ እንበልና ከባሕር የሚመጣውን እንይ። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ አሰብ ነበረች፤ በሚሌ፣ በባቲ፣ በኮምቦልቻ አድርጎ ዕቃ ይመጣ ነበር። ከኤርትራው ጦርነት ወዲህ ያለን ጅቡቲ ነው፤ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በዚያች አንዲት በር ነው የሚያልፈው። የገቢው ጭነት ከወጪው እጅግ ስለሚበልጥ ብዙው ተሳቢ ከወደብ ሲመጣ ሙሉ፣ ወደ ወደብ ሲወርድ ባዶ ነው፤ የባዶውን መንገድ ሒሳብ ባለ ዕቃው ይከፍላል። ይኼም ይሁን። የሚገርመኝ ሌላው ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ኮንቴይነር ጋላፊን አልፎ ሚሌ ይደርሳል። ከሚሌ ወደ ወልዲያ፣ ከወልዲያ በጋሸና፣ በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ የሚያደርስ መንገድ አለ። ኮንቴይነሩ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ እኛ አይታጠፍም። በአዋሽ አድርጎ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይወርዳል፤ ሞጆ ተቀምጦ ወረቀቱን ይጠብቃል፤ ከዚያ በአዲስ አበባ ዞሮ፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ፣ ወጥቶ ባሕር ዳር ይገባል። ይኼን ዙር ያስቀራል የተባለው ደረቅ ወደብ ወረታ ላይ ሲሠራ ደስ ብሎን ነበር። ወደቡ አለ። መንገዱ ላይ መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት፣ ቀጥሎ ሌላ ጦርነት መጣበት።

ባቡሩስ? የአዲስ አበባ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር፣ 750 ኪሎ ሜትር ከምናምኑ፣ በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። በእኛ በኩል ያለው የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሃራ ገበያ መስመር ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። እስከ ኮምቦልቻ ሐዲዱ ተዘረጋ፣ ዋሻው ተቦረቦረ፣ ጣቢያው ተሠራ። ኤሌክትሪክ ሲጠብቅ የሰሜኑ ጦርነት ደረሰበትና ተዘረፈ። ሐዲዱም እንግዲህ እንደ መኪናው መቆም ለመደ።

ሽንኩርት ቢጠፋ ያለ ሽንኩርት ይበላል። ማዳበሪያ ላይ ሲመጣ ነው ጉዱ። ጎጃም ውስጥ በቆሎ የሚዘራው ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ሰኔን ይዞ ነው። ዳፑ ከዘሩ ጋር መግባት አለበት፤ ዩሪያው በቆሎው ጉልበት ሲያወጣ። ዝናቡ ወረፋ አይጠብቅም። ማዳበሪያው ግን ሲጀመር ግዢው ይዘገያል፤ የውጭ ምንዛሪ ይጠበቃል፤ ጨረታ ይጠበቃል። ከዚያ መርከቡ። 50,000 ቶን የጫነ አንድ መርከብ ጅቡቲ ቢደርስ፣ በ50 ኪሎ ከረጢት ተሞልቶ 400 ኩንታል በሚጭን ተሳቢ ሲመነዘር 1,250 መኪና ነው። ባቡሩ ጥቂት ቢያግዝም ያን ሁሉ መኪና በአንድ ሳምንት ውስጥ ማን ያወጣል? ስንዴም፣ ነዳጅም፣ ብረትም እኮ በዚያው መንገድ ነው። ደረሰ ተብሎ ዩኒየኑ መጋዘን ሲገባ ደግሞ ለመሠረታዊ ማኅበራቱ የሚያከፋፍል መኪና ይጠፋል፤ መኪናው ሲገኝ የገጠሩ መንገድ ጨቅይቷል። ከማኅበሩ መጋዘን እስከ ማሳው ያለውን አህያ ትጨርሰዋለች። ከዚህ ሁሉ ሰንሰለት ውስጥ በቀጠሮዋ የምትገኘው እርሷ ብቻ ነች።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው ባሕር ዳር ድረስ መጥተው አቤት ሲሉ አይተናል። ሰኔ ላይ ገበሬ እርሻውን ትቶ ከተማ ለአቤቱታ ሲመጣ፣ ነገሩ ምን ያህል እንደባሰ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሐምሌ አጋማሽ የደረሰ ማዳበሪያ ለበቆሎው ምኑ ነው? ወረቀት ላይ "ተሠራጭቷል" ተብሎ ይጻፋል፤ እውነትም ተሠራጭቷል። በቀጣዩ ዓመት እህል በረንዳ ላይ በቆሎ ሲወደድ ግን ያን የዘገየ መርከብና ያን የጠፋ ተሳቢ የሚያስታውስ የለም። እንደገና ነጋዴውን እንራገማለን።

ጫኝና አውራጅን ደግሞ እንዴት እረሳለሁ። ከአዲስ አበባ አንድ ቁም ሣጥን አስመጣሁ። ገና መኪናው ሰፈራችን ሲታጠፍ ልጆቹ ከየት እንደመጡ ሳላውቅ ከበቡት። እኔ፣ ጎረቤቴና ረዳቱ ሆነን ቁም ሣጥኑን አወረድን፤ በሩ ላይ አስቀመጥን። ልጆቹ ቆመው አዩን። አንዱ ወገባችሁን ጠብቁ ብሎ እንኳ መከረን። ጨርሰን ላባችንን ስንጠርግ፣

"ጋሼ፣ ሒሳብ" አለኝ ትልቁ።

"የምን ሒሳብ ልጄ? አወረድነው እኮ።"

"ብታወርዱትም ሰፈሩ የኛ ነው።"

ባለቤቱ ራሱ ካወረደ አይገደድም የሚል ማስታወቂያ በየጊዜው ይነገራል። ነገርኩት። "እሱ ለሌላ ሰፈር ይሆናል" አለኝ፤ ሲለኝ ደግሞ በአክብሮት ነው፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ። ምን ይደረጋል፣ ከዚያ መንገድ ሁሉ የተረፈ ቁም ሣጥን ደጄ ላይ መስተዋቱ ቢሰበርስ? ከፈልኩ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ለመጣበት የከፈልኩትን ሩብ ያህል ላልሠሩት አራት ሜትር ሰጠሁ። ልጆቹን እንዳልጠላቸው ደግሞ ሥራ የሌላቸው የሰፈሬ ልጆች ናቸው፤ ትልቁ ከልጄ ጋር ተምሯል። ነገር ግን በየሰፈሩ፣ በየሱቁ፣ በየግንባታው ደጃፍ እንዲህ ያለ ሒሳብ እየተከፈለ ሲሚንቶ ለምን ተወደደ ብለን ኮሚቴ እናቋቁማለን።

የታክሲውን ነገር ባላነሣው ይሻላል። ቆርጦ መጫን፣ ትርፍ መጫን፣ "ዝርዝር የለኝም" ማለት፣ ሲዘንብ መጥፋት። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ማለዳ ሥራ ዘግይቶ የገባ ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል።

የተሠራ ነገር የለም ብዬ እንዳልዋሽ፣ ተሠርቷል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. እዚህ ከተማችን ላይ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመርቋል፤ 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት። ማታ መብራቱ ሲበራ ሰዉ ፎቶ ይነሣበታል፤ ሙሽሮችም ይመጣሉ። እኔም ሄጄ አይቻለሁ፤ ያምራል። ጎረቤቴ ከወረታ ሽንኩርት ጭኖ በላዩ ላይ ሲያልፍ ጥቂት ደቂቃ እንኳ እንደማይፈጅበት ነገረኝ። ድልድዩን አልፎ ከከተማ ሲወጣ ለነዳጅ ተሰለፈ፤ እዚያው አደረ።

አቤት እንበል ብለን ተነጋግረን ነበር። ችግሩ ለማን የሚለው ነው። ስለ ገመዱ ስትጠይቅ የማዘጋጃ ቤት ነው ይሉሃል። ስለ ደረሰኙ፣ የገቢዎች። ስለ ነዳጁ፣ የንግድ ቢሮ። ስለ ተዘጋው መንገድ፣ የጸጥታ። ስለ ማዳበሪያው፣ የግብርና፤ ስለ ኮንቴይነሩ ደግሞ ፌዴራል ሂድ። ትራንስፖርት ቢሮ ስትገባ "እኛ ስምሪትና ታሪፍ ነው የምናየው" ትልሃለች ልጅቱ፤ ደግሞ እውነቷን ነው። ጎረቤቴ በቆመበት ያደረውን አዳር የሚመዘግብ መዝገብ ቢኖር ኖሮ አንዱን መስኮት መርጬ እሰለፍ ነበር። መዝገቡ እስኪገኝ የጻፍሁትን ማመልከቻ ለጎረቤቴ ሰጥቼዋለሁ፤ ከደረሰኞቹ ጋር ከፀሐይ መከላከያው ሥር አስቀምጦታል።